የማያውቅ እጅ

"አልቀመጥም" አለ ሲራጅ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ። "ሰዎቹ ከቦዩ ዳር ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ካንቱ ቤት ማንን ይዤ ልሂድ?"

ጋሽ አብዱልሐሊም ሊያነጥፉለት የያዙትን ቁርበት መልሰው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ማጓራት ከጀመረ ሰንብቷል። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ነጎድጓድ ነው ብሎ ነበር፤ የሐምሌ ማለቂያ ነውና ማንም ልብ አላለውም። ትናንት ግን ፍራሽ የተሸከመ፣ ሕፃን ያዘለ፣ በግ የሚጎትት ሕዝብ በመርሳ መንገድ ሲጎርፍ ታየ። ዛሬ ረፋዱ ላይ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ከየቤቱ አንድ ጎልማሳ ይውጣ ብለው ቆረጡ። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ገጀራውን ይዞ። ሰዉን እየዞረ የሚሰበስበው ሲራጅ ነው።

"ሁለት ወንዶች እንዳሉኝ ታውቃለህ" አሉ።

"ለዚህ እኮ ነው የምጠይቅዎ። የኔ አንድ ነው፤ ሰጥቻለሁ።"



ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ታናሹን ሚስባህን ነበር። ታላቁ ረዲ ሚስትና ገና መዳህ ያልጀመረች ሴት ልጅ አለችው፤ እርሻውም ያለው በእሱ ጫንቃ ላይ ነው። ሚስባህ ትምህርቱን ያልጨረሰ ወንደላጤ ነው። በአገሩ ደንብ ጎጆ ያልወጣው ይሄዳል፤ ክርክርም የለበት። ነገር ግን በሚስባህ አጥንት ውስጥ ያለው መቅኒ የራሱ ብቻ አልነበረም።

እህታቸው ኢሕሳን መርሳ ከተማ አስተማሪ ነበረች። አምና እየገረጣች፣ ድዷ እየደማ ሄዳ አዲስ አበባ ላይ የደም ካንሰር ነው ተባለች። በመድኃኒት ብዛት በሽታው ጋብ አለ። ሐኪሞቹ ግን ተመልሶ መነሳቱ አይቀርም፣ ከዚያ በፊት የሌላ ሰው መቅኒ ካልተሰጣት አትድንም አሉ። የወንድሞቿ ደም ተመረመረ። የሚስባህ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ገጠመ፤ የረዲ አልገጠመም። አሁን ከእናቷ ከዘይነባ ጋር ሕንድ አገር ሆስፒታል ገብታ ወንድሟን ትጠብቃለች። ፓስፖርቱም ቪዛውም ደርሷል። ነገ በውርጌሳ አድርጎ ደሴ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ሊገባ ነበር።

ጠዋት ደውላ ነበር። ድምጿ እየተቆራረጠም ትስቅ ነበር።

"አባ፣ ዕጣው ወጣልኝ እኮ።"

"የምን ዕጣ?"

"የመድኃኒቱ። ነግሬዎት አልነበር? የሚስባህን መቅኒ ከመስጠታቸው በፊት የኔን የሚያጠፋ መድኃኒት ይሰጡኛል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የቆየው ነው፣ ሰውነት ይጎዳል። አንዱ አዲስ ነው፣ ቀለል ይላል። የትኛው እንደሚሻል ገና እየፈተኑት ስለሆነ በሽተኛውን በዕጣ ይከፍሉታል። እኔ አዲሱ ደረሰኝ።"

"ዕጣውን ማን ጣለው?"

"ኮምፒውተር ነው፣ አባ።"

"እናንተን አያውቅም?"

"ማንንም አያውቅም። ሐኪሙ ራሱ ልምረጥ ቢል አይፈቀድለትም።"

"እንግዲያው ሐቅ ነው" አሉ። "የማያውቅ እጅ የጣለው ሐቅ ነው።"

"እኔም ለእማ፣ ሕንድ አገርም እንዳንቱ በዕጣ የሚያካፍል የውሃ አባት አለ ብያታለሁ።" ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። "ሚስባህ እግሩ እዚህ ሳይረግጥ መድኃኒቱን አይጀምሩም። አንዴ ከጀመሩ የኔ መቅኒ ይጠፋል፤ መመለስ የለም። እሱ ከዘገየ ደግሞ በሽታው አይጠብቅም። ይመጣል አይደል?"

"ነገ ይነሳል፣ ኢንሻአላህ።"

ነገሩን የተረዱት በሽንኩርት ነበር። ማሳውን ነቅለህ፣ አርሰህ፣ አለስልሰህ ችግኝ ካላገኘህ ባዶ መሬት ታቅፈህ ትቀራለህ። ችግኙ ሚስባህ ነው።

ስለዚህ ሲራጅን "ረዲን ውሰድ" ሊሉት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ረዲ ልጁን ታቅፎ ከጓዳ ወጣ። ሚስቱ መሪማ ከኋላው ቆማ ነበር።

"ስሜን ሊጠሩ ነው አይደል፣ አባ?"

ጋሽ አብዱልሐሊም ሕፃኗን አዩ።

"የኔ ደም ለእህቴ አይሆንም ተባለ። እንግዲህ ለመፍሰስ ብቻ ነው የሚሆነው?"

"ረዲ፣ እህትህ ናት።"

"እህቴ ናት። ይቺ ደግሞ ልጄ ናት። አንቱ ለአንድ ቀን ውሃ ዕጣ ይጥላሉ፤ ለነፍስ አይጥሉም?"

ሚስባህ ከበሩ መቃን ላይ ተደግፎ ነበር። "እኔ እሄዳለሁ አላልኩም እንዴ? ከእህቱ ቀሚስ ስር ተሸሸገ እንዲሉኝ ነው የምትፈልጉት?"

"አንተ ዝም በል" አሉ አባትና ወንድም በአንድ አፍ።

ሲራጅ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዕጣ ከሆነ ሰዉም አፉን ይይዛል። ያንቱን ዕጣ የሚጠራጠር የለም።"

እውነቱን ነው። ጋሽ አብዱልሐሊም የውሃ አባት ናቸው። በጋ በገባ ቁጥር የቦዩ ውሃ ለማን መቼ እንደሚደርስ በእሳቸው ፊት በዕጣ ይለያል። ባለማሳው ሁሉ የራሱን ምልክት፣ ፍሬም ይሁን ስንጥር፣ ደብቆ እጃቸው ላይ ያኖራል፤ የማን ምን እንደሆነ ከባለቤቱና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚያ ምንም ያላየ ሰው ከመንገድ ተጠርቶ ምልክቶቹን በተራ ይደረድራል። አንድ ዓመት የራሳቸው ማሳ መጨረሻ ወጥቶ ሽንኩርታቸው እንደቆመ ደረቀ። ከንፈራቸውን እንኳ አልነከሱም። አገር ያመናቸው ከዚያ ወዲህ ነው።

እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለጉ፤ አጡ።

ሁሉም ከቦዩ ዳር ወረዱ፤ ረዲ ልጁን እንደታቀፈ፣ መሪማም ከኋላው። ዘማቾቹ ስንቃቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል። ልጆቹ ተራ በተራ ወደ አባታቸው ቀርበው በጨበጡት እጅ ምልክታቸውን ሰጡ። ረዲ የሰጠው የበቆሎ ፍሬ ነው፤ የሚስባህ የብርቱካን ፍሬ። ጋሽ አብዱልሐሊም አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይና አንድ የጉሎ ቅጠል ጎን ለጎን አኖሩ።

"ድንጋዩ ይሄዳል፣ ቅጠሉ ይቀራል" አሉ ሁሉም እንዲሰማ።

ጎረቤታቸው በላይነሽ ጀሪካን ይዛ ከታች ስትመጣ አይተው ጠሯት።

"በላይነሽ፣ እጅሽን አውሺኝ።"

"ምን ሊያደርጓት? ያለችኝ ደህና እጅ እሷው ናት" ብላ ሳቀች። "ደግሞ ሰማዩ እየዘነበ የምን ውሃ ማካፈል ነው?"

"አትጠይቂ። አንዷን ድንጋዩ ላይ፣ አንዷን ቅጠሉ ላይ አኑሪ።"

የጠየቀ ዕጣ እንደማይጥል ታውቃለችና ዝም አለች። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሁለቱን ፍሬዎች ከመዳፋቸው ወሰደች። ጎንበስ አለች። የበቆሎዋን ፍሬ ቅጠሉ ላይ አኖረቻት። የብርቱካኗን ድንጋዩ ላይ።

ጋሽ አብዱልሐሊም ፍሬዋን አዩ። ትንሽ ናት፤ ዶሮ ብታገኛት የምትለቅማት። ተነቅሎ፣ ታርሶ፣ ለስልሶ ችግኝ የሚጠብቅ ባዶ ማሳ ታያቸው።

"ድንጋዩ ላይ ያለው የረዲ ነው" አሉ።

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ኋላ ሲያስቡት ከሁሉ የከበዳቸው ይኸው ነበር።

"አባ!" አለ ሚስባህ።

ረዲ አባቱን አየ፤ ረጅም ጊዜ አልነበረም። ከዚያ ወንድሙን በክርኑ ገፋ አድርጎ አለፈና ባለዕጣ እንደሚያደርገው ፍሬዋን ከድንጋዩ ላይ አነሳት።

"አዎ፣ የኔ ናት" አለ።

ሲራጅ ራሱን ነቀነቀ። "አላህ ይጠብቅህ። ዕጣ ነው፣ ምን ይደረጋል።" ከሰዉ መካከል አንዱ፣ "የእሳቸው ነገር እኮ፣ ለልጅም አያደሉም" ሲል ተሰማ።

በላይነሽ ያን ጊዜ ገባት። "ዘማች ነው ያስመረጣችሁኝ? ምነው ጋሽ አብዱልሐሊም? በዚህች እጄ?" እጇን ደግማ ደጋግማ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። ጀሪካኗን ረስታ ሄደች።

ረዲ ልጁን ስሞ ለመሪማ መለሰላት። መሪማ አላለቀሰችም፤ አማቿን ብቻ ታይ ነበር። ረዲ ገጀራውን በወገቡ ሻጥ አድርጎ ወደ አባቱ መጣ። ጉልበታቸውን ሊስም ያጎነብሳል ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ መዳፋቸውን ገልብጦ የብርቱካኗን ፍሬ አኖረበት።

"ለባለቤቷ ይስጡልኝ" አለ ዝግ ባለ ድምፅ። "ሂድ ቢሉኝ እሄድ ነበር፣ አባ። ዕጣ ያልኩት ከወንድሜ እኩል ነኝ እንዲሉኝ ነው።"

"ፊ አማኒላህ፣ በአላህ ጥበቃ ሂድ" አሉት። እሱ ግን ከሲራጅ ኋላ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሚስባህን ቤት ገብቶ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አገኙት።

"የትም አልሄድም።"

"መንገዱ ነገ ላይኖር ይችላል። አሁን ተነስ።"

"የወንድሜን ነፍስ ከፍዬ?"

"የከፈልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ከቀረህ ግን የእሱም ከንቱ ነው፣ የእሷም። እየሰማኸኝ ነው? ሦስታችሁንም አጣለሁ።"

ሚስባህ ተነሳ። ዱዓ እንዲያደርጉለት አልጠየቀም። መኪና ቆሟል ስለተባለ ሻንጣውን ትቶ ፓስፖርቱንና ልብሱን በፌስታል ይዞ፣ በሽንኩርት ማሳዎች መሐል አቋርጦ በእግሩ ወደ ውርጌሳ ወረደ። ከጉሎ ቁጥቋጦው ሲደርስ ዞር ይላል ብለው ጠበቁ። አልዞረም።

ከቀትር በኋላ፣ የአሱር ሶላት ሲቃረብ ስልኩ ጮኸ።

"ሚስባህስ?" አለች ኢሕሳን።

"ዛሬውኑ ተነስቷል።"

"አልሐምዱሊላህ።" አለች። "ከየቤቱ ሰው እየወጣ ነው ሲሉ ሰማን። ከኛስ?"

"ረዲ።"



"በኔ ምክንያት ነው? እንዲያ ከሆነ ይንገሩኝ፣ አባ። እንዲያ ከሆነ መድኃኒቱን አልወስድም።"

"አይደለም።"

"በዕጣ ነው?"

ፍሬዋ አሁንም መዳፋቸው ውስጥ ነበረች፤ በላብ ረጥባለች።

"በዕጣ ነው።"

"ማን ጣለው?"

"በላይነሽ።"

"ሳታውቅ?"

"ሳታውቅ።"

ኢሕሳን ስታለቅስ ይሰማቸው ነበር። "እንግዲያው ሐቅ ነው" አለች።

ወዲያው መስመሩ ጠፋ። ደግመው ሞከሩ፤ ስልኩ ዝም አለ። ከወልድያ በኩል የሚያጓራው ድምፅ ከጠዋቱ ቀርቧል።

ከበሩ ጀርባ የውሃ አባትነት በትራቸውን አነሱ፤ ከአባታቸው የወረሷት፣ መያዣዋ በእጅ ብዛት የለሰለሰ የወይራ በትር ናት። ወደ ቦዩ ወረዱ። በላይነሽ ለረሳችው ጀሪካን ተመልሳ መጥታ ነበር።

"ይችን ለሽማግሌዎቹ አድርሺልኝ" አሏት። "ክረምቱ ሲወጣ ለውሃው ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

"ስለ ረዲ ነው? እሱ እኮ ዕጣ ፈንታው ነው፣ ጋሼ። አንቱ ምን ያድርጉ? ደግሞስ ካንቱ ሌላ የማንን ዕጣ እናምናለን?"

በትሯን አልቀበልም ብላ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች። ጋሽ አብዱልሐሊም አልተከራከሯትም። በትሯን ከጠፍጣፋው ድንጋይ አጠገብ እርጥቡ አፈር ላይ ተክለው፣ የብርቱካኗን ፍሬ እንደጨበጡ ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ጀመሩ።