የጋሽ ጭሱ ድምፅ

ስሂን የባሏን ባቡሮች አትወድም፣ አትጠላምም። ዋለልኝ ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ስንዝር የማትሞላ ፉርጎ አንስቶ ጎማዋን በጥርስ ብሩሽ ሲጠርግ ስታየው፣ የሰው ባል ቁማር ቤት ይውላል፣ የኔው ደግሞ ይኸው ነው ብላ ታልፈዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰው አገር ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ድረስ ይነዳል። እዚያ፣ በአንድ የድሮ መጋዘን ምድር ቤት፣ እሱን የመሰሉ ሰዎች ይጠብቁታል፤ ታክሲ ነጂ አለ፣ ነርስ አለ፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ አለ። ከለገሀር ተነስቶ አዋሽን ተሻግሮ ድሬዳዋ የሚገባ ትንሽዬ ሐዲድ በጣውላ ላይ ዘርግተው፣ ድልድዩ ይህን ይመስል ነበር፣ አይመስልም ነበር እያሉ ሲከራከሩ ይውላሉ።

የዚያን ቅዳሜ ግን እሷም እንድትመጣ ለመናት።

«ዛሬ ጋሽ ጭሱን ነው የምንቀበለው። ሰው ሁሉ ሚስቱን ይዞ ይመጣል። ደግሞ ቪዲዮ የሚያነሳልን የለም።»

ጋሽ ጭሱ በሰባዎቹ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው የቴሌቪዥን ባቡር ነበር። ከካርቶንና ከጣውላ የተሠራ፣ ዓይኑን የሚያንከባልል፣ የገመድ ሪዝ ያለው፣ ቅዳሜ ማታ በልጆች ክፍለ ጊዜ ብቅ ብሎ ጭሱን ቡልቅ እያደረገ ተረት የሚያወራ። ድምፁ የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ በፕሮግራሙ መጨረሻ ስም ተጽፎ አያውቅም። የክለቡ ሰዎች ከየቦታው የድሮ ፎቶግራፍ ለቃቅመው አውሮፓ ለሚኖር አንድ የባቡር ሞዴል ሠሪ ልከው፣ ያንን ባቡር ለሐዲዳቸው በሚሆን ልክ አሠርተውት ነበር።

ስሂን ጋሽ ጭሱን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። ቤታቸው ቴሌቪዥን አልነበረም። ጎረቤት ሄዶ ማየትም ክልክል ነበር። አባቷ አቶ ገላው የዚያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሂሳብ ሠራተኛ ሆነው ሳለ፣ ልጆቻቸውን ከቴሌቪዥን እንደ እሳት ነበር የሚከለክሉት። ቅዳሜ ማታ እሳቸው ትርፍ ሰዓት አለብኝ ብለው ይወጣሉ፤ እናቷ በሩን ትቆልፋለች። ሰኞ ትምህርት ቤት ልጆቹ የጋሽ ጭሱን አነጋገር እያስመሰሉ ሲንጫጩ፣ ስሂን ያየች መስላ አብራ ትስቃለች። አንድ ቀን አንዷ ልጅ «እስቲ ምን አለ?» ብላ አፋጠጠቻት። ያላየች መሆኗ ታወቀ። ልጆቹ ሳቁባት። ከዚያ ወዲያ የእረፍት ሰዓቷን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ብቻዋን ነበር የምታሳልፈው። ይህን ለዋለልኝም ነግራው አታውቅም።

ምድር ቤቱ ሞልቶ ቆያቸው። ሥዩም የሚባለው የክለቡ ሊቀመንበር፣ ረጅምና ራሰ በራ ሰው፣ ለዚሁ ሲል ክራባት አድርጎ ሣጥኑን ከፈተ። ባቡሩን ከተጠቀለለበት ስፖንጅ አውጥቶ መዳፉ ላይ አቆመው። አረንጓዴ ነው፤ ሪዙ ከክር ተሠርቷል። 

«አረንጓዴ ነበር እንዴ?» አለ አንዱ ቀስ ብሎ። «እኛ ቤት ጥቁርና ነጭ ነበር።»

«የማን ቤት ነበር ቀለም የነበረው?» አለ ሥዩም፣ ዓይኑን ከባቡሩ ሳያነሳ።

ሂክማ የምትባል ስካይላይን ከሚባል ሰፈር የምትመጣ ወጣት ኢንጂነር ባቡሩን ተቀብላ ሐዲዱ ላይ አስቀመጠችው። «አንድ ሰርፕራይዝ አለ» አለች። «አጎቴ ያኔ ቴፕ ሪኮርደሩን ቴሌቪዥኑ ላይ ደግኖ የቀዳው ካሴት ተገኝቷል። ሳውንዱን አጥርቼ ውስጡ ጨምሬዋለሁ።»

ስሂን ስልኳን አንስታ መቅረጽ ጀመረች። ባቡሩ ከለገሀር ነቅነቅ ብሎ ተነሳ። መጀመሪያ አፍንጫ የመሳብ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ንግግሩ መጣ።

«እሺ እንግዲህ ልጆች። ሰብሰብ በሉ። ጭሴ ሳስቷልና ስኳር ስጡኝ።»

ስሂን ዞር ብላ በሩን አየች። አባቷ የገቡ ነበር የመሰላት።

በሩ ላይ ማንም የለም። አቶ ገላው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እነሱ ቤት ነበሩ፤ ጠዋት ሾርባቸውን አቅርባላቸው ነው የወጣችው። ድምፁ ግን አላቆመም። «ስ»ን ሲጠራ የምትሾልከው ቀጭን ፉጨት፣ አባቷ ከፊት ጥርሳቸው ክፍተት የሚያወጧት፣ «ስሂን» ብለው በጠሯት ቁጥር ዕድሜዋን ሙሉ የሰማቻት ፉጨት፣ ከዚያ መዳፍ ከማይሞላ ባቡር ውስጥ ትወጣለች። ዋለልኝ የሚያውቃቸው ሽማግሌው አቶ ገላው አልነበሩም እኚህ፤ እሷ ልጅ ሆና የምታውቃቸው ናቸው፣ ያኔ የነበረው ወፍራም ድምፅ። ከዚያ ባቡሩ ሳቀ። ከሆዱ ነው የሳቀው፣ እየተንከተከተ። ስሂን አባቷ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም። ሲስቁ እንዲህ እንደሚሆኑ ያወቀችው አሁን ነው።

አጠገቧ የነበረ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። ሰዎቹ ያጨበጭባሉ። ዋለልኝ አያት።

«ምነው? አመመሽ?»

«አባዬ ነው።»

«አባባ ምን ሆኑ? ደወሉ?»

«ባቡሩ፣ ዋለልኝ። የባቡሩ ድምፅ። አባዬ ነው።»

ዋለልኝ ሊስቅ ነበር። ፊቷን ሲያይ ተወው።

መንገድ ላይ ድምፅ ከድምፅ ይመሳሰላል፣ ካሴቱም የቆየ ነው ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። ቤት ሲገቡ አቶ ገላው እንደ ወትሯቸው መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ከታች የሚያልፉትን አውቶቡሶች ይመለከታሉ። እናቷ ካረፈች በኋላ ከአዲስ አበባ አምጥታቸው አብረዋት ሲኖሩ፣ በቀን የሚናገሩት ቃል ቢጠራቀም እፍኝ አይሞላም። ስሂን ሰላም ሳትላቸው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጣ ቪዲዮውን ከፈተችው።

እስከ መጨረሻው ሰሙት። አንድ ጣታቸው ብቻ የወንበሩን ክንድ መታ መታ ያደርግ ነበር።

«ካሴቱ ከየት ተገኘ?» አሉ።

ስሂን መንገዱን ሁሉ የተዘጋጀችው እኔ አይደለሁም ይሉኛል ብላ ነበር። «እርስዎ ነዎት?»

«ማን ይሁን ታዲያ።»

ዋለልኝ ቀስ ብሎ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። «ጋሽ ጭሱ እኛ ቤት ነው የሚኖረው» አለ፣ ለማንም አልነበረም። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ጨው አቀብለኝ ሲሉኝ...»

«ሂሳብ ክፍል ከስቱዲዮው ፊት ለፊት ነበር» አሉ አቶ ገላው። «ድምፅ የሚሰጠው ሰውዬ አንድ ቀን ታሞ ቀረ። ፕሮግራሙ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። ኮሪደር ላይ አግኝተው ዝም ብለህ አንብብ አሉኝ። አነበብኩ። በዚያው ቀረሁ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ልጅ ምስጢር አይችልም። አባቴ ቄስ ነበሩ። ልጃቸው ካርቶን ውስጥ ተጎልቶ እንደ ባቡር ይጮኻል ሲባል ቢሰሙ ዳግመኛ ዓይኔን አያዩም።»

«እማዬስ?»

«ታውቅ ነበር።»

ይኼኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። እናቷ፣ ምኗንም ሳትደብቅ የምትነግራት እናቷ፣ ምን እንዳመለጣቸው እያወቀች ነው ቅዳሜ ማታ በሩን የቆለፈችው። ሰኞ ስሂን ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ስትመለስ እያወቀች ነው ፊቷን ያጠበቻት። ስሂን ስለ ትምህርት ቤቱ ልትናገር «ሰኞ ሰኞ...» ብላ ጀምራ ተወችው። ወጥ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ቆመች።

ያን ሳምንት የሥራ ሺፍቷን ገባች፣ ወጣች። ሾርባ አቀረበች፣ መድኃኒታቸውን ሰጠች። ከዚያ ያለፈ ቃል አልተናገረችም። እሳቸውም አልጠየቋት። ዓርብ ዕለት ራት ላይ ግን ቀና ብለው፣

«ዋለልኝ፣ ነገ ወደዚያ ስትሄድ ውሰደኝ» አሉ።

ዋለልኝ ሹካውን አስቀመጠ። ስሂን ከሳህኗ ቀና አላለችም፤ ጠዋት ግን ከእነሱ ቀድማ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ለምን እንደሄደች ራሷም አታውቅም።

ዋለልኝ የነገረው ለሥዩም ብቻ ነበር። ሥዩም ደግሞ ለሁሉም ነግሮ ኖሯል። አቶ ገላው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ታዩ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ሥዩም የተዘጋጀበትን ንግግር ትቶ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸው በከዘራቸው ቀና አደረጉትና ወደ ሐዲዱ አልፈው ባቡሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«አንሷል» አሉ።

አንድ ሁለት ሰው በፍርሃት ሳቀ። ሂክማ ወንበር አመጣች። «አባባ፣ ትንሽ ያሰሙን ነበር?» አለች፣ ማንም ያልደፈረውን።

እንቢ እንደሚሉ ስሂን እርግጠኛ ነበረች። አባቷ ሰው ፊት ጸሎት እንኳ ጮክ ብለው አይደግሙም።

አቶ ገላው አፍንጫቸውን ሳቡ። «እሺ እንግዲህ ልጆች» አሉ። «ሰብሰብ በሉ።»

ሰዎቹ ተሰበሰቡ። ሽበት ያወጡ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ ልጅ የዳሩ ሰዎች የሲሚንቶው ወለል ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ድምፁ ሻክሯል፣ ግን ያው ነው። ውሃ ካላጠጣችሁኝ ዳገቱን አልወጣም ስላለ ባቡርና ውሃ ልታመጣለት ስለሄደች ኤሊ ነበር የሚያወሩት። ኤሊዋ በተራመደች ቁጥር ቅንድባቸው ይወርዳል፣ ጉንጫቸው ይነፋል፣ ከዘራቸው ወለሉን ቀስ ብሎ ይመታል። ታክሲ ነጂው እንባው ሪዙ ላይ እየወረደ አልጠረገውም። ስሂን ግድግዳውን ተደግፋ የአባቷን ፊት አየች። እንዲህ የሚንቀሳቀስ ፊት ነበራቸው። ይህን ሁሉ ዘመን አብሯቸው ነበር። ለማያውቋቸው ሰዎች፣ አንዲት ልጅ ስለጠየቀች ብቻ፣ ከኪሳቸው እንደሚያወጡት መሐረብ አወጡት።

ደረጃውን ወጥታ ፓርኪንጉ ጋ ሄደች። ከወንዙ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል። ከታች፣ በዝቅተኛው መስኮት፣ ሳቁ ይሰማታል። መኪናውን ተደግፋ ቆመች። አላለቀሰችም። ሰው በጥፊ ተመትቶ ገና ማን እንደመታው ሳያውቅ እንደሚቆመው ነበር የቆመችው።

ጥቂት ቆይቶ የከዘራ ድምፅ ሰማች። ብቻቸውን ነበሩ።

«ብርድ ነው» አሉ። «ግቢ።»

«ለነሱ ነገሯቸው» አለች። «ለኔ አንድ ቀን እንኳ ተረት ነግረውኝ አያውቁም።»

«ነግሬሽ አውቃለሁ።»

«መቼ?»

አቶ ገላው መኪናውን በአንድ እጃቸው ያዙ። «አፍሽን እንደፈታሽ ሰሞን። ሥራውን ገና መጀመሬ ነበር፤ መጀመሪያ አንቺ እንድትሰሚው ፈለግሁ። አልጋሽ ጫፍ ተቀምጬ በዚያ ድምፅ ጀመርኩ። ጮህሽ። ሮጠሽ እናትሽ ቀሚስ ውስጥ ገባሽና፣ አባቴ የታለ፣ ይሄን ሰውዬ አስወጪልኝ አልሽ።» ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አስተካክለው ተከሉ። «በሌላ ቀን ደግሜ ሞከርኩ። አፍንጫዬን ስስብ ብቻ ማልቀስ ጀመርሽ። ከዚያ ወዲያ ካንቺ ጋር ሳወራ ያ ድምፅ ያመልጠኛል ብዬ እፈራ ነበር። ብዙ ባልናገር ይሻላል አልኩ። እናትሽም ልጅቱን አታስጨንቃት አለችኝ። ቴሌቪዥኑንም ያየሽው እንደሆነ ያው ይሆናል ብላ ነው በሩን የምትቆልፈው።»

ስሂን ከዚህ ውስጥ አንዱንም አታስታውስም። አልጋውን፣ ቀሚሱን፣ ጩኸቱን፤ ምንም። አባቷ የማይናገሩት ስለማይወዷት ነው ብላ ነው ያደገችው፣ ያገባችው። ዝም ያሰኘቻቸው ራሷ ኖራለች።

«ልጅ እኮ ነበርኩ» አለች።

«አውቃለሁ። እኔ ግን አልነበርኩም።»

ዋለልኝ ኮታቸውን ይዞ ከኋላ መጣ። ሁለቱን አየና ኮቱን ለስሂን ሰጥቶ፣ እኔን ሥዩም ያደርሰኛል ብሎ ተመለሰ። እሷ ኮቱን አለበሰቻቸው፣ ከፊት አስቀመጠቻቸው፣ ቀበቶውን አሰረችላቸው። ነድታ ወንዙ ላይ ካለው ድልድይ ደረሰች። ድልድዩ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ሁሉ ቆሟል።

«ያኔ የጀመሩልኝ ተረት የቱ ነበር?» አለች፣ ፊት ለፊቷን እያየች።

«የጦጣዋ ነው። ረስቼዋለሁ መሰለኝ።»

«ያስታወሱትን ይንገሩኝ።»

«በየትኛው ድምፅ?»

«በራስዎ።»

አቶ ገላው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዲት ጦጣ ነበረች አሉ፤ አይ፣ መጀመሪያ ዛፉ ነው የሚመጣው ብለው አረሙ። እንደ ሂሳብ ሪፖርት ነበር የሚናገሩት፣ ደረቅ አድርገው፣ እየተሳሳቱ፣ እየተመለሱ። ጅቡን ረስተውት ኖሮ መሐል ላይ ሲያስታውሱት እንደገና ከዛፉ ጀመሩ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ነው ስሂን መንገዱ እንደተከፈተ ያየችው። ነዳች። እሳቸው አላቋረጡም። ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሰው ሕንፃው ሲታይ ጦጣዋ ገና ከዛፉ አልወረደችም፤ ስሂን የጋራዡን መግቢያ አልፋ ቀጥ ብላ ነዳች።