ተገኘ የነካቸው መኪኖች

ሰርክአዲስ የስንብት ደብዳቤውን "በአቶ ተገኘ ቸልተኝነት" የሚለው ላይ አድርሳ ቆመች። ቃል ጠፍቷት አይደለም። ሰውየው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ሎጊያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የከባድ መኪና ፍሬን ሲሠራ የኖረ ነው፤ እሷ ደግሞ የጋራዡ ጸሐፊም ዕቃ ተረካቢም ናት።

"የእኔን ነው አይደል የምትጽፊው?"

"ታዝዤ ነው፣ ጋሽ ተገኘ።"

ቀና ብላ አላየችውም። ከጠረጠረችው ሳምንት ሆኗታል። ንጹሕ ሰው እንዲህ ዝም ይላል? ቢናገር ኖሮ ደግሞ ምን አስለፈለፈው ትል ነበር።

ሥራ አስኪያጁ እንድሪያስ ከውስጥ ወጣ። "በወሩ ዘጠኝ መኪና ፍሬን እምቢ አለው። ሰባቱን የነካው እሱ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?"

"የነካሁት ሰባት ብቻ ነው እንዴ?" አለ ተገኘ። "ደህና የሄዱትንም ቁጠሩልኝ እንጂ።" ይህን ብሎ ሄደ።

ነገሩ ከነከናት። እንድሪያስ ምሳ ሲወጣ የጥገና ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የወሩ መኪና ሃምሳ ነው፤ አርባውን የሠራው ተገኘ። ከአርባው የተበላሹት ሰባቱ ብቻ! ከዚያ በዚሁ ወር የመጣው አዲሱ የፍሬን ሸራ የገባላቸውን ለብቻ ለየች። አሥር ናቸው፤ ከአሥሩ ስምንቱ ተበላሽተዋል። ከጋሽ ተገኘ ሰባት ብልሽቶችም ስድስቱ እዚሁ ውስጥ ናቸው። እሱ የድሮውን ሸራ ካስገባላቸው ሠላሳ ሦስት መኪኖች የተበላሸው አንድ ብቻ። ወይ ጉድ፣ ጥፋቱ የሸራው ነው።

ሸራውን ማን ተረከበ? ደረሰኙን አወጣች። ፊርማው የራሷ ነው። ያን ቀን ሙቀቱ አናት ይበሳ ነበርና ካርቶኑን ሳታስከፍት ፈርማለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄው ነው። ፈራች። ይህን ካወጣች ከሥራ የምትባረረው እሷ ናት፤ ዝም ካለች ደግሞ ካርድ የሚቆጥር ማንም የለም።

አዲሱ ሸራ ገብቶላቸው ካልተበላሹት ሁለት መኪኖች ግን አንዱ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ሌላው የሾፌሩ የአህመዲን ነው። አህመዲን ደግሞ ከጅቡቲ ጭኖ መጥቶ ወደ አዋሽ ሊነሳ ነው። ስልኳን አነሳች።

"አህመዲን፣ እንዳትነሳ። ፍሬንህ አያስተማምንም።"

"አልሐምዱሊላህ፣ ሞተር ሳላስነሳ ደረስሽ። ተገኘ ነው ያበላሸው?"

ፊርማዋ ያለበትን ደረሰኝ ወደ ራሷ ሳበች።

"አይደለም። ሸራውን ሳላይ የተረከብኩት እኔ ነኝ።"

ስልኩን ዘጋችና ወደ ደብዳቤው ተመለሰች። "አቶ ተገኘ" የሚለውን አጥፍታ በቦታው የራሷን ስም ጻፈች።