ቦራ የቆመችበት ደጅ

ሀብተ ሚካኤል ለፈተናው ሲል እግሩ የተሰበረ ፈረንጅ ሆኖ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። ቁርጭምጭሚቱን በሻሽ አስጠቅልሎ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ያቃስታል። ሸጊቱ የበቅሎዋን የቦራን ልጓም እንደ ጨበጠች አየችውና አፏን በላት። ዳባት ላይ ንፍጡን እያዝረበረበ ሲሮጥ የምታውቀው ልጅ ዛሬ በእንግሊዝኛ ያቃስታል! ዝም ማለት ደግሞ ለእሷ ከዳገት የከፋ ሥራ ነው።

ፈታኙ ሀብተ ሚካኤል ማለዳ ከደባርቅ ሲወጡ ቁርጡን ነግሯታል። «እማማ ሸጊቱ፣ በቅሎዋ ባዕድ ስለማታስቀርብ ልጓሙን እርስዎ ይያዙ። ነገር ግን ሃናን በአንዲት ቃል ቢረዷት ፈተናው ይሰረዛል። እኔም ከዚህ በኋላ ፈረንጅ ነኝ፤ አማርኛ አልሰማም።»

«አማርኛ ካልሰማህማ ደህና አድርጌ ልስደብህ!»

ፈታኙ ሳቀ። ሃና አልሳቀችም።

ሃና የሸጊቱ የልጅ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት ሸጊቱ ናት። አምና ይህንኑ የአስጎብኚነት ፈተና ወድቃለች፤ የጣሏትም ታላላቆቹ ቃላት አልነበሩም። የዋልያውን፣ የጭላዳውን፣ የጅብራውን ነገር በፈረንጅ አፍ ታንበለብለዋለች። የጣላት ‹ጌት› የሚሉት አንድ ተራ ቃል ነው። ብቻውን አይሄድም፤ ከኋላው ትናንሽ ቃላት ያስከትላል። አንዷ ብትከተለው መነሣት ይሆናል፣ ሌላዋ ብትከተለው መውረድ፣ ሌላዋ ማምለጥ። ሰውየውን ደግሞ መካከል ላይ ያስገቡታል። ‹ጌት ሂም አፕ›፣ አንሺው። ‹ጌት ሂም ዳውን›፣ አውርጂው። ክረምቱን ሙሉ ሃና ይህን እየደጋገመች ስታጠና ሸጊቱ ገብሷን እያበጠረች ሰምታለች።

«ምን ዓይነት ድሀ ቋንቋ ነው!» አለቻት አንድ ቀን። «እኛ ለመውጣት መውጣት አለን፣ ለመውረድ መውረድ። እነሱ አንዱን ቃል ለሁሉም ያስለፉታል?»

«እንደ ቦራ አትዪውም፣ እምዬ? እህል ትጭኛታለሽ፣ ውሃ ትጭኛታለሽ፣ ሰው ትጭኛታለሽ። በቅሎዋ አንድ ናት፤ ሥራዋን የሚለየው ጭነቷ ነው።»

ሸጊቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ቋንቋውን ትንሽ ወደደችው። ለሃና ግን አልነገረቻትም፤ ልጅ ሲመሰገን ይሰንፋል የምትል ሴት ናት።

ዛሬ ብትወድቅስ? ፓስፖርቷ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ምሥራቅ የምትባለው የአክስቷ ልጅ ቤይሩት ሆና ትጠብቃታለች። ሃና «ዛሬ ካልሆነ እሄዳለሁ» ብላለች። አንዴ ካለች አለች ነው፤ ይህን ግትርነት ከማን እንደ ወረሰችው ሸጊቱ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ያ ቤት፣ ያ ምድጃ፣ ያቺ አንዲት አልጋ... ሐሳቡን ጨርሳ አታውቅም።

ሃና ሕመምተኛው አጠገብ ተንበረከከች። ‹ጌት› አለችና ንግግሯን ገታች። ሸጊቱ ልጓሙን እስኪያማት ጨበጠችው። ከዚያ ትንሿ ቃል ‹አፕ› መጣች፤ ሰውየውም በሃና ትከሻ ተደግፎ፣ ድንጋዩን መወጣጫ አድርጎ ኮርቻው ላይ ወጣ።

ቁልቁለቱን ያዙት። ሕጉ ግልጽ ነው፦ የተሰበረ እግር ከታች አስፋልቱ ላይ የቆመችው መኪና ጋ እስኪደርስ ድረስ መሬት አይነካም። ከነካ ሃና ወድቃለች። መንገዱ አጭር ነው፣ የቦራም እግር አይስትም። ሸጊቱ ትንሽ ተነፈሰች።

ከጥዱ ጀርባ የቂርቆስ ጉልላት ብቅ ሲል ግን እርምጃዋን ገታ አደረገች።

በዚህ አገር ሰው በበቅሎ ተቀምጦ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አያልፍም። ወርዶ ይሳለማል፣ ደጁን በእግሩ ያልፋል፣ ከዚያ ወዲያ ይቀመጣል። ቦራን ይህን ያስተማረቻት ራሷ ሸጊቱ ናት። በቅሎዋ ደጁ ጋ ስትደርስ ሳይነግሯት ትቆማለች፤ ሰው ወርዶ እስኪሳለም ድረስም ቢገፏት ንቅንቅ አትልም። ለስንቱ ጎረቤት ተኩራርታበታለች! «የእኔ በቅሎ ከእናንተ ባል ትሻላለች፤ እሷ እንኳ ደጀ ሰላም ታውቃለች» እያለች። ምነው ትናንት መንገዱን ሲመርጡ ትዝ ባላት!

ቦራ ደጁ ጋ ደረሰችና ቆመች።

ሃና አንገቷን ደባበሰቻት፣ ልጓሙን ከአያቷ እጅ በላይ ይዛ ጎተተችው። ቦራ ጆሮዋን አቁማ ወደ ደጁ ታያለች። ያኔ ሀብተ ሚካኤል ኮፍያውን አወለቀ። አማተበ። የተሰበረውን እግሩን ከእርካቡ አወጣና ሊወርድ ዘንበል አለ።

እየፈተናት ይሁን፣ ፈረንጅ መሆኑን ረስቶት ይሁን፣ ሸጊቱ አልለየችም።

«ኖ!» አለች ሃና። «ጌት...»

ቃሉ ወጣ፤ ጭነቱ የለም። ሰውየው በአንድ እርካብ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ክረምቱን ሙሉ የሰማቻት ትንሽ ቃል ሸጊቱ ምላስ ላይ መጣች፤ ብታወጣት ሁሉም ያልቃል። ጥርሷን ነከሰች።

ልጓሙን ለሃና ለቀቀችላት። ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ደጁ ሄደች፣ በእርጅና በሚከዳት ጉልበቷ ተንበረከከች። የደጁን ድንጋይ ሦስት ጊዜ ተሳለመች። አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለበቅሎዋ፣ አንዱን እላይ ለተንጠለጠለው ለሀብተ ሚካኤል። ‹ቂርቆስ ሆይ፣ የታመመ ነው በልልኝ› አለች በሆዷ። ‹ውሸትም ቢሆን፣ የታመመ ነው በልልኝ።›

ከኋላዋ ቦራ በአፍንጫዋ ትንፋሿን አወጣች።

«ዶንት ጌት ኦፍ!» አለች ሃና። ድምፁ የሃና አይመስልም ነበር። ወደ አስፋልቱ እያመለከተች ቀጠለች፤ «አይል ጌት ዩ ዳውን ዜር።» አትውረድ፣ እዚያ አወርድሃለሁ ማለቷ ነው።

እርካቡ ሲንሿሿ ተሰማ። ቀጥሎ የቦራ ኮቴ፣ አንድ፣ ደግሞ አንድ። አለፉ።

ሸጊቱ ልትነሣ ሞከረች። ጉልበቷ እንቢ አለ። እጇን ቅጥሩ ላይ አድርጋ እንደ ገና ሞከረች፤ እንቢ። ሃና ከቁልቁለቱ መታጠፊያ ዞር ብላ አየቻት። ብትጣራ ልጅቱ ትመለሳለች፤ ሕመምተኛ ጥላ የተመለሰችውን ማን አስጎብኚ ይላታል? ሸጊቱ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ ጸሎት እንደ ያዘ ሰው አጎነበሰች። ሃናም ፊቷን መለሰች።

ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። ከታች የመኪና በር ሲከፈት ተሰማት። ቀጥሎ የሃና ድምፅ በፈረንጅ አፍ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ንፋሱ ግማሹን ወሰደው። ‹ጌት› የምትለውን ሰማች። ምን እንደ ተከተላት ግን አልሰማችም፤ ማውረድ ይሁን፣ ማንሣት፣ ወይስ ማምለጥ። እዚያው እንደ ተንበረከከች ጆሮዋን ወደ ቁልቁለቱ አዘነበለች።