የግራዋ ትንሽ ጣት

ታዴዎስ ለሦስተኛ ቀን መጣ። እንደ ትናንቱ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። የማርያምወርቅ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ሳታነሳ ሰረቅ አድርጋ አየችው። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ወይ ይጸልያል፣ ወይ ይተኛል፣ ወይ ያዳምጣል። ይኸኛው ደግሞ እንቅልፍ የያዘው አይመስልም።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከቀበሌው ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በጽሕፈት መኪና ጀምራ በኮምፒዩተር ቀጠለች። አሁን አሁን እጆቿ ከአንጓቸው ጀምረው እየደነዘዙ፣ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ መጨበጥ እንኳ ያቅታት ጀምሯል። ሐኪሙ «ሥራውን ተዪው» አላት። ትታው ምን ልትሆን?

ታዴዎስ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው ዳገት ላይ ሬዲዮ የሚጠግን፣ ማንም ሳያስተምረው ሥራውን የተማረ ሰው ነው። ኮምፒዩተሯን ሊያይ መጥቶ እጇን አየ።

«ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም፣ የኪቦርዱ ነው። በእጅዎ ልክ ልሥራልዎት?»

«በስንት?»

«መጀመሪያ እጅዎ ይዳን።»

ከዚያ ሁለቱንም መዳፎቿን ነጭ ወረቀት ላይ አስዘርግቶ ዙሪያቸውን በእርሳስ ሳለና ወረቀቱን አጥፎ ወሰደ። በኋላ ስታስበው ከነከናት። ሰው እጁን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ለፊርማ ነው። ደግሞስ ከምርጫው ወዲህ ሰው ሁሉ ጥላውን በሚጠራጠርበት በዚህ ጊዜ፣ ዋጋ ሳይጠይቅ የሰው ቤት ገብቶ የሚያዳምጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ታዴዎስ ለሦስተኛ ቀን በመጣ ማግስት አቶ ጎበና እያለከለኩ ገቡ። ከእንጦጦ ጥግ ያለ አጥራቸውን የቀበሌው ሊቀ መንበር አስፈርሶባቸው፣ ለክፍለ ከተማው የሚቀርብ አቤቱታ ያስጻፉት ከትናንት በስቲያ ነበር።

«ገና ሳላስገባው ሊቀ መንበሩ በር ላይ ጠብቆ ቃል በቃል ደገመልኝ! ‹ቀማኛ› ያልኩትን ሳይቀር! ልጄ፣ ነገሬ የወጣው ከዚህ ቤት ነው።»

«ጋሼ ጎበና፣ እኔ—»

«አንቺን አላልኩም» አሉና በርጩማዋን አዩ። ታዴዎስ ገና አልመጣም ነበር።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። ረፋዱ ላይ ይሰለፍ የነበረው ባለጉዳይ በሩን እያየ አለፈ። ሰው እሷ ዘንድ የሚመጣው የልቡን አውጥቶ ሊናገር ነው፤ ያ ከቀረ እጇ ቢድንስ ለማን ልትጽፍ?

ታዴዎስ እንደ ልማዱ ሲገባ አላስቀመጠችውም።

«ለማን ነው የሚያዳምጡት?»

«ለእጅዎ።»

«እጅ ይሰማል?»

«ይሰማል። ሌሎቹ ጣቶች ጠብ ጠብ ሲሉ የግራዎ ትንሿ ጣት ትዘገያለች። ሕመሙ ከእሷ ይጀምራል።»

«እንግዲያው ሌላ ቦታ ያዳምጡ።»

ባርኔጣውን አጥልቆ ወጣ። አንድም ቃል አልተከራከረም፤ አለመከራከሩም ራሱ አጠራጠራት።

«እኔ ድሮም ብያለሁ፣ እትዬ» አለች እዚያው ክፍል ፎቶ ኮፒ የምታነሣው ነፃነት። «ጆሮ ጠቢ ነው!»

በሳምንቱ ነፃነት ከቀበሌው በር አጠገብ ከምትሸጠው ከጊፍቲ ቆሎ ገዝታ መጣች። ባለጉዳይ ስለሌለ ቁጭ ብለው ቆረጠሙ። ቆሎው ሲያልቅ የማርያምወርቅ መጠቅለያውን ልትጥል ስትጨብጠው፣ ጣቷ ዘግይታ ያበላሸቻት አንዲት መስመር ዓይኗ ውስጥ ገባች። ወረቀቱን ዘረጋችው። የአቶ ጎበና አቤቱታ ነው። «ቀማኛ» ከነዘይቱ አለ።

«ይኼን ወረቀት ማን ሰጣት?»

«እኔ ነኛ! የተበላሸውን ሁልጊዜ እሰጣታለሁ። ምስኪን ናት፣ መጠቅለያ ይሁናት ብዬ። እርስዎ አንዱን ገጽ አምስቴ እያወጡ...» ነፃነት አፏን በእጇ ያዘች። «ኧረ በማርያም! የቀበሌው ዘበኛ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ቆሎ እየገዛ ነው የሚውለው!»

የማርያምወርቅ ወረቀቱን አጣጥፋ ዳገቱን ወጣች። መጀመሪያ አቶ ጎበና ቤት ገብታ አነበበችላቸውና ከጊፍቲ ቆሎ መጠቅለያ እንዳገኘችው ነገረቻቸው። አገላብጠው አዩትና ሳቅ አፈናቸው።

«እኔም እኮ ከእሷ ቆሎ በልቻለሁ! ማንበብ ባለመቻሌ ነው እንጂ ራሴን ባየሁት ነበር። በይ ሂጂ፣ ያንን ሰውዬ በከንቱ አምተነዋል።»

ታዴዎስ ባሕር ዛፉ ሥር ካለች ቤቱ ውስጥ፣ ከተፈታቱ ሬዲዮኖች መሐል ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ እሷ አይታ የማታውቀው ዕቃ አለ። አንድ ኪቦርድ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ፣ ሁለቱ ግማሾች እንደ ቤት ክዳን ግራና ቀኝ ባዘቀዘቀ የዋንዛ እንጨት ላይ ተሰክተዋል፤ ገመዱ ከአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ጋር ተያይዟል።

«አባርሬዎት ለምን ሠሩት?» አለች፤ ጥርጣሬዋ ገና አልለቀቃትም።

«እጅዎን ስዬ ወስጄ፣ የሰው እጅ ይዤ ልቅር?» አለ። «በአማርኛ አንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ያስመታል። ሁለተኛዋን ምት አብዛኛውን ጊዜ የምትሸከመው ያቺ ትንሿ ጣት ናት። አውራ ጣትዎ ግን በቃላት መሐል ቦታ ከመስጠት በቀር ሥራ የለውም። ስለዚህ ቁልፏን ወደ እሱ አወረድኳት።»

እጆቿን አሳረፈቻቸው። አንጓዋ አልተጣመመም፤ መዳፏ እንጨቱን ሞልቶ ተኛ። ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረች።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ጨፈነ። ቀስ ብላ ጻፈች፤ አውራ ጣቷ ሁለቴ ተሳሳተ፣ አረመችው።

«ምን ጻፍኩ?»

«አላውቅም። ሦስት ቃል ይመስለኛል፤ ሁለቴ ቦታ ሰጥተዋል። አንዷም ጣት ግን አልዘገየችም።»

ፊቱን አጠናችው። የሚያውቅ ሰው ፊት አልነበረም፤ እውነትም ሲያዳምጥ የኖረው ጣቷን እንጂ ቃሏን አልነበረም። ስክሪኑ ላይ «ይቅር ይበሉኝ፣ አጥፍቻለሁ» ተጽፏል። እንግዲህ በአፏ ልትለው ነው። ለሰው ስትጽፍ የኖረችውን ይቅርታ ሁሉ ያህል ከበዳት፤ ግን አለችው።

«አሁን ሰማሁ» አለ ታዴዎስ፤ ዓይኑን ገና አልገለጠም።