የጋሽ ቲቱ ግራ ዓይን

ጋሽ ቲቱ ሞትን እንጀራቸው ያደረጉ ሰው ነበሩ። ሌላው ሰው አንዴ ሞቶ ይገላገላል፤ እሳቸው ግን አርባ ዓመት ሙሉ ከባቡር ጣሪያ ተወርውረው፣ በሊፍት በር ተቀርቅረው፣ በዓሣ ማጥመጃ ጦር ተወግተው፣ አንዴም ሠርግ ላይ በኬክ ቢላዋ ተወግተው ሞተዋል። ሩሲያዊ ጄኔራል ሆነው ሞተዋል፤ የሰርብ መሣሪያ ነጋዴ ሆነው ሞተዋል፤ አገሩ የማይታወቅ ጢማም አሸባሪ ሆነውም ሞተዋል። ተወልደው ያደጉት ሩማንያ ነው። ሩማንያዊ ሆነው እንዲሞቱ የፈቀደላቸው ዳይሬክተር ግን አንድም አልተገኘም። ፊትዎ ለክፉ ሰው የተሠራ ነው ተባሉ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ፊት የጠየቃቸው የለም።

ይህን ሁሉ ሞተው ሲያበቁ፣ አሜሪካ፣ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ባለው የእትዬ ሥራዬ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ መስኮቷ የጎረቤት አጥር በምታይ ክፍል ውስጥ፣ የራሳቸውን ሞት ይጠብቁ ነበር። ልባቸው ደክሟል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ማስታመም እንጂ ማዳን የለም ብለዋል። እሳቸውም ልባቸው ሲቆም ማንም ደረታቸውን ተጭኖ ለመመለስ እንዳይሞክር ፈርመዋል። እየመጣች ለምታያቸው ነርስ፣ “በፊልም የተረገጥኩት ይበቃኛል” አሏት አሉ።

የሚያጥባቸው፣ የሚያጎርሳቸውና የሚላጫቸው ይርጉ ነው። ይርጉ በዲቪ የመጣ የሻሸመኔ ሰው ነው፤ እዚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር፣ እዚህ ደግሞ ሰው ያስታምማል። እንግሊዝኛው ገና ያነክሳል። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ አንድን ሽማግሌ “ዩ” ብሎ መጥራት ይርጉን ያሳፍረዋል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ “ጋሼ” ብሎ ይጀምራል። ሽማግሌው መጀመሪያ መድኃኒት የሚሰጣቸው መስሏቸው አፋቸውን ይከፍቱ ነበር፤ እያደር ግን ስማቸው መሆኑን ተቀበሉ።

አንድ ጠዋት ሲላጫቸው ይርጉ ምላጩን እንደያዘ ቀረ። የጋሽ ቲቱ ግራ ቅንድብ በጠባሳ ለሁለት የተከፈለ ነው። ያን ቅንድብ የሆነ ቦታ ያውቀዋል። የት እንደሆነ ሲመጣለት ራሱን ይዞ ሳቀ።

“ጋሼ፣ እኔ እርስዎን አውቅዎታለሁ። እኛ ሰፈር ሞተዋል።”

“የት ነው እናንተ ሰፈር?”

“ሻሸመኔ።”

ጋሽ ቲቱ ብዙ ቦታ ሞተዋል፤ ሻሸመኔ ግን ትዝ አላላቸውም። ይርጉ አስረዳ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ መስኮቱ በሸራ የተጋረደ ቪዲዮ ቤት ነበር። ልጆች አግዳሚ ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚቆመው ተርጓሚ ግማሹን ከፊልሙ፣ ግማሹን ከሆዱ እያወጣ ያወራል። አክተሩ፣ ማለትም ዋናው ጀግና፣ እንደማይሞት ሁሉም ያውቃል። የሚጠበቀው ቅንድቡ ለሁለት የተከፈለው ሰውዬ የሚሞትበት ደቂቃ ነው። ያኔ ቤቱ በጭብጨባና በፉጨት ይናጋል፤ ባለቤቱ “ወንበሬን!” እያለ ይጮሃል፤ የሚሰማው የለም።

“ያጨበጭቡ ነበር?” አሉ ጋሽ ቲቱ። ፊታቸው ላይ ያለው የሳሙና አረፋ እየደረቀ ነው። “ለእኔ?”

ይርጉ መዋሸት አልቻለበትም። “ለእርስዎ ሳይሆን... ለሞትዎ።”

“ያው ነው” አሉ ሽማግሌው።

ያው እንዳልሆነ ይርጉም ያውቃል፤ ግን ዓይናቸው እንባ ሲያቀር አይቶ አረፋውን እንደገና ቀባቸው። ጋሽ ቲቱ ወጣት ሳሉ፣ አገራቸው ሳሉ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ቴአትር ይሠሩ ነበር። ጭብጨባ ለመጨረሻ ጊዜ የሰሙት እዚያ ነው። ፊልም ላይ ማንም አያጨበጭብም፤ “በቃ” ይባላል፣ መብራቱ ይዞራል፣ ሟቹ ልብሱን አራግፎ ይነሳል። እዚያ ማዶ፣ ስሙን ሰምተውት በማያውቁት ከተማ፣ ቤት ሙሉ ልጅ ሲያጨበጭብላቸው እንደኖረ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ሲነሳ ጋሽ ቲቱ ይሞታሉ። አልጋቸው ላይ እንዳሉ ደረታቸውን ይይዛሉ፣ በሩሲያኛ ቅላጼ ዓለምን ይረግማሉ፣ መጋረጃውን ጨብጠው ያቃስታሉ፣ ከዚያ አንገታቸው ወደ ጎን ይወድቃል። ይርጉ ከአልጋው አጠገብ ባለችው ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ሲያልቅ ግራ ዓይናቸው ብቻ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ተመልካቹ አለ ወይስ ሄዷል ብሎ ያያል። ይርጉን ወንበሩ ላይ ሲያገኝ፣ “እንዴት ነበር?” ይላሉ። ይርጉም ይተቻል፤ ማቃሰቱ በዛ፣ እርግማኑ አነሰ፣ እያለ። ሁለቱም በዚህ ይስቃሉ።

እትዬ ሥራዬ አልወደዱትም። ጌታን የተቀበሉ፣ ቤታቸው በመዝሙር የሚውል ሴት ናቸው።

“አንተ ይርጉ፣ ሞት መጫወቻ ነው እንዴ? በሥጋቸው ሲሞቱ ምን ልታደርግ ነው? ሶ ነገ ኢንስፔክተሩ መጥቶ ሰውዬው እያቃሰተ አንተ ስታጨበጭብ ቢያይህ፣ ላይሰንሴን ይወስደዋል እኮ!”

“እትዬ፣ ደስ ይላቸዋል።”

“ኦኬ። በሩን ዝጋው በቃ፤ ሚስ ዶሪስ ከሳሎን እየሰማች ትደነግጣለች።”

አንድ ከሰዓት ጋሽ ቲቱ ከሞቱ በኋላ ዓይናቸውን ከፈቱ፣ እንዴት ነበር ግን አላሉም።

“ምን እንደሚሆን ታውቃለህ ካሜራው?” አሉ። “እኔ እወድቃለሁ። ካሜራው ከገደለኝ ሰውዬ ጋር ይሄዳል። እኔ ወለሉ ላይ እቀራለሁ። ቲቱ እንዳትነቃነቅ ይሉኛል፤ የእግራቸው ኮቴ ሲርቅ እሰማለሁ። አንድም ጊዜ ከእኔ ጋር የቀረ ካሜራ የለም።” ከዚያ የይርጉን እጅ ያዙ። “የእኔው ሲመጣ ሌላውን ተከትለህ እንዳትሄድ። ቅር። ዓይኔን ስከፍት ወንበሩ ላይ ልይህ። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

“አልሄድም ጋሼ። እውነቴን ነው፣ አልሄድም።”

“እውነተኛው ሞት እንደዚህ አይጮህም” አሉ። “እናቴ ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ። ብርድ ልብሱ ላይ የወደቀ አዝራር እንደሚፈልግ ሰው በጣቷ ስትዳስስ ቆየች። ከዚያ መፈለጉን ተወችው። በቃ ይኸው ነው። ለዳይሬክተሮቹ ነግሬያቸው ነበር፤ ማን ይገባዋል አሉኝ።”

“እሱን ያሳዩኝ እስቲ።”

“እሱን አልለማመደውም” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ይርጉ ያን የአልሄድም ቃል በሙሉ ልቡ ነው የሰጠው። አገሩ ሳለ አባቱ ሲሞቱ ወደ አሜሪካ ሊመጣ አዲስ አበባ ኤምባሲ ደጅ ተሰልፎ ነበር፤ ለአባቱ ያልሆነውን ለእኒህ ሰው እሆናለሁ ብሎ ነበር። እዚያው አቅራቢያ፣ ታኮማ የምትኖረው የጋሽ ቲቱ ልጅ ኢሊንካ ነርስ ናት፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች፣ ሌላውን ቀን ሆስፒታል የሰው አባት ታስታምማለች። ስትወጣ በሩ ላይ የይርጉን ክንድ ጨብጣ፣ እኛ “አደራ” የምንለውን የሚያህል ቃል ትፈልጋለች፤ ስታጣ ክንዱን እንደያዘች ታየዋለች። ይርጉም ራሱን ነቅንቆ ገብቶኛል ይላታል።

ያ ረቡዕ ዝናባማ ነበር። እትዬ ሥራዬ መድኃኒት ሊያመጡ ወጥተዋል። ጋሽ ቲቱ ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ተዉት። ይርጉ ሳህኑን አነሳና ትራሳቸውን ሊያስተካክል ሲጎነበስ ጣቶቻቸው ብርድ ልብሱ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየ። አንድ ነገር ይዳስሳሉ። የሆነች ትንሽ ነገር የወደቀችባቸው ይመስላሉ፤ ትንሽ ተበሳጭተዋል፣ ቅንድባቸው ተኮሳትሯል።

ይርጉ ገባው። ወይም የገባው መሰለው። እንቢ ያሉትን ዛሬ ሊያሳዩኝ ነው አለ በልቡ፤ ሳህኑን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጣቶቹ እስከ ብርድ ልብሱ ጠርዝ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ አንድ እጥፋት ላይ ቆሙ። መፈለጉን ተዉት። ዓይናቸው ተከደነ።

እርግማን የለ፣ መጋረጃ መጨበጥ የለ። ይርጉ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው የእኒህ ሰው ሞት ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ሆነበት። እንዴት ያለ ሰው ነው ዳይሬክተሮቹ ያባከኑት! ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ብድግ አለና አጨበጨበ። መዳፉ እስኪግል አጨበጨበ። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ፣ ከቪዲዮ ቤቱ ወዲህ ያላፏጨውን ፉጨት አፏጨ።

“ይርጉ!” የሚል የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከሳሎን መጣ። የቤቱ ሌላዋ ተጦሪ፣ ሚስ ዶሪስ ናት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና አሻግሮ ሲያይ ወንበሯን ተደግፋ ልትነሳ ትታገላለች። አምና እንዲሁ ብቻዋን ልትነሳ ብላ ዳሌዋ ተሰብሯል።

ይርጉ ወደ አልጋው አየ። ግራ ዓይናቸው ገና ተከድኗል። “ጋሼ፣ መጣሁ! እንዳይከፍቱ፣ ቆዩኝ!” ብሎ ሮጠ።

ሚስ ዶሪስን ደግፎ ሽንት ቤት አደረሳት፣ ጠበቃት፣ መለሳት፣ ጉልበቷ ላይ ሻሏን ጣል አደረገ። እሷ ስለ ዝናቡ ታወራለች፤ እሱ “የስ፣ የስ” እያለ ትችቱን በልቡ ያዘጋጃል። ዛሬ ትችት የለም፣ ዛሬ ዝም ብዬ ግንባራቸውን ነው የምስመው አለ።

ሲመለስ ግራ ዓይናቸው ተከፍቷል።

“ኧረ ጋሼ!” አለ እየሳቀ። “ቆዩኝ አላልኩም? ይኼማ... ይኼማ ከሁሉም በለጠ!”

እንዴት ነበር አላሉም። ይርጉ እየሳቀ ጠጋ አለ። ዓይኑ ወደ እሱ አልዞረም። አልጋው አጠገብ ያለችውን ወንበር ነው የሚያየው፤ ባዶዋን ወንበር።

እትዬ ሥራዬ ሲገቡ ይርጉን አልጋው ላይ ተንበርክኮ፣ ሁለት እጁን ከሽማግሌው ደረት በላይ ዘርግቶ አገኙት። ለሥራው ሲሰለጥን አሻንጉሊት ደረት ላይ ስንት ጊዜ ተጭኗል፤ እጁ የሚያውቀውን ሊሠራ ተዘጋጅቷል፣ ወርዶ ግን አይነካም። “ተው ይርጉ” አሉት በቀስታ። “ፈርመዋል እኮ። ተው የኔ ልጅ።” እጁን ሰበሰበ። በሕይወቱ እንዲህ ሁለት ጤነኛ እጅ ይዞ ምንም አለመቻል ደርሶበት አያውቅም።

እትዬ ሥራዬ ነርሷን ኮል አደረጉ፣ ከዚያ ኢሊንካን። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ የሽማግሌውን ዓይን ሊከድኑ እጃቸውን ሲሰነዝሩ ይርጉ ያዛቸው።

“ይተዉት እትዬ። ገና ነው፣ አይክደኑት።”

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ኢሊንካ ከታኮማ ወጥታለች፤ መንገዱ በመኪና ተዘግቷል፣ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ከአባቴ ጋር የነበረውን ሰው አገናኙኝ አለች። እትዬ ሥራዬ ስልኩን ሲያቀብሉት በአማርኛ፣ “አብሬያቸው ነበርኩ በላት” አሉት በሹክሹክታ። “ምን ይጎዳሃል? ፕሊስ፣ ልጅቱን አታቁስላት።”

“ይርጉ፣ ተሠቃይቶ ነበር?” አለች ኢሊንካ።

“አይመስለኝም። ጸጥ ብለው ነው።”

የመኪናዋ የዝናብ መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማል። “ልጅ ሳለሁ ኩሽና ውስጥ እየሞተ ይለማመድ ነበር” አለች። “እኔ አለቅስ ነበር። ከዚያ አንድ ዓይኑን ይከፍትልኛል። ያቺ ዓይን እስክትከፈት ድረስ ከአጠገቡ ንቅንቅ አልልም ነበር።” ድምጿ ተቆረጠ። “ከፈታት?”

“ከፍተዋል።”

“አየህ?”

እትዬ ሥራዬ እጃቸውን አጣምረው ይለምኑታል። አዎ ማለት ቀላል ነበር። ይርጉ ግን ያን ዓይን እያየ ነው። መቼ እንደተከፈተ አያውቅም፤ እሱ ከክፍሉ እንደወጣ ይሁን፣ ሻሉን ሲያለብስ ይሁን። ባዶዋን ወንበር ስንት ጊዜ እንደተመለከታትም አያውቅም። ይህን ደግሞ የሚነግረው ሰው መቼም አይገኝም።

“አላዩኝም” አለ። “አጨብጭቤላቸው... ወጥቼ ነበር። ሌላ ሰው ጠርቶኝ ሄጄ ነበር።”

ኢሊንካ ስልኩን አልዘጋችም። እሷ መንገድ ላይ እንደቆመች፣ እሱ አልጋው አጠገብ እንደቆመ፣ የዝናብ መጥረጊያውን አብረው ሰሙ።

ይርጉ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ወንበሯን የተከፈተው ዓይን ወደሚያይበት አቅጣጫ ትንሽ ገፋ አደረጋትና ተቀመጠባት። የሽማግሌውን እጅ ያዘ፤ መቀዝቀዝ ጀምሯል።

“ይርጉ!” አለች ሚስ ዶሪስ ከሳሎን።

እትዬ ሥራዬ አዩት።

“ይርጉ!”

አልተነሳም።