ሁለት ቤት የሚቀመጥ ዘፈን

ድምፅ ቀራጩን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጦ ደጅ የቆመ መኪና ምኑን እንደሚያመው ይናገራል፤ አይስትም። ዕድሜውን ሙሉ በካሴት የቀዳውን ዘፈን አንድ ባንድ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ ሊጨርስ ሲል ነው ታዲያ ኮምፒዩተሩ ማቃሰት የጀመረው።

«ሃርድ ዲስክ ገዝተህ ቶሎ ገልብጥ እንጂ አባዬ፤ ዛሬ ነገ ስትል ጉድ ትሆናለህ» አለችው ልጁ።

ኤሌክትሮኒክስ መደብር ሄደ። ሻጯ ሦስት ዓይነት ደረደረችለት። «እስቲ ኤሌክትሪክ ስጫቸው» አለና አንዱን አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

ሻጯ ሳቋን ዋጠች። «ጋሼ፣ ስልክ እኮ አይደለም!»

«ቆይ፣ ይናገራል።» ውስጡ አንዳች ነገር ስስ እያለ ይሽከረከራል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ትንሹ ሦስተኛው ግን ጸጥ ረጭ። «ይሄኛው ሞቷል እንዴ?»

«ኧረ እሱ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ቺፕ ብቻ ነው። ቢወድቅም ቶሎ አይጎዳም። ግን ሳይሰኩት ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ባይተዉት ይሻላል።»

«ታዲያ ዘፈኑ የቱ ጋ ነው የሚቀመጠው?»

ጥያቄው ሻጯንም ያዛት። ከጓዳ አንድ የተበላሸ ዲስክ አምጥታ ፈታታችው። መስታወት የመሰለ ክብ ሰሌዳ፣ ከላዩ ደግሞ ቀጭን ክንድ። ጆሮ አጎንብሶ የገዛ ፊቱን አየበት።

«ይሄ እኮ ሸክላ ነው! ዞሮ ዞሮ እዚያው!»

«ልዩነቱ፣ ይሄ ክንድ ሰሌዳውን አይነካውም። የነካው ቀን አበቃ።»

«የማይሞተውስ የትኛው ነው?»

«የማይሞት የለም፣ ጋሼ። ሁለት ገዝተው ሁለት ቤት ማስቀመጥ ነው።»

ሁለት የሚሽከረከሩ ገዛ፤ ባንድ ቀን እንዳይከዱት ብሎ ፋብሪካቸውን ለያየ። ቤት ገብቶ ገለበጠና እያንዳንዱን እየከፈተ አዳመጠ። ደግ አደረገ! አንደኛው መሃል ላይ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ዘፈኑም ተንተባተበ። በማግስቱ መለሰው፤ ሻጯም ራሷ ሰምታ በሌላ ቀየረችለት።

ሁለተኛውን ዲስክ ለታላቅ እህቱ ወሰደላት።

«አደራ ነው፣ እትዬ። ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪልኝ።»

«ምግብ ካልጠየቀ ይቀመጥ» አለች በጣቷ እየነካካችው።

ሳምንት ሳይሞላ ደወለች። «ስማ፣ ያቺ ያለ አጃቢ የምታንጎራጉረው ልጅ ማን ናት?»

ጆሮ ደነገጠ። «ከፈትሽው?»

«ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል አለችኝ ጎረቤቴ። ምንነቱን የማላውቀውን አደራ እንዴት ብዬ እጠብቃለሁ? ልጅቷን ንገረኝ።»

«አንቺ ነሽ። ሳታገቢ በፊት፣ ልብስ ስትተኩሺ። የመጀመሪያውን መቅረጫዬን ስሞክር።»

«ዋሸህ» አለች። ቀጥላ ሳቀች። «እንዲህ ነበር እንዴ ድምፄ?»

ከዚያ ወዲህ እሷ ቤት ዲስኩ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። «እትዬ፣ እሱ እኮ መጠባበቂያ ነው፤ ታደክሚዋለሽ» ቢላት፣ ቢለምናት፣ ወይ ፍንክች። «ዘፈን ቀብሬ ልኑር?» ትለዋለች።

ቢቸግረው ሦስተኛ ሊገዛ ወጣ፤ እሷም ተከተለችው። መደብሩ ውስጥ ጥቁሩንም ቀዩንም አገላብጣ አየችና ሻጯን ጠጋ አለቻት።

«የኔ ልጅ፣ አዲስ ብዘፍንስ ይይዝልኛል?»

ሻጯ ይመልስ ብላ ወደ ጆሮ ዞረች። እሱ ግን ማይክሮፎን የተደረደረበት ጥግ ደርሶ ነበር።