ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ማሽን

ልብስ ሰፊዋ ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቃ የጋሽ ቀዳዳን ስፌት በምላጭ እየተረተረች ነበር። ኮቱ የሙሽራ ነው፤ ነገ ይደርሳል ተብሏል። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ቦታቸውን አልሳቱም፤ ዙሪያቸው የተሰፋው ክር ግን አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ ያረጀ ብሩሽ መስሏል።

ጋሽ ቀዳዳ ከልብስ ሰፊዎቹ መደዳ መጨረሻ ተቀምጠው የሁሉንም የቁልፍ ቀዳዳ በእጃቸው የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ቀልደኞች ናቸው፤ እሳቸውም እናት አባታቸው ካወጡላቸው ስም ይልቅ ለዚህኛው ቶሎ አቤት ይላሉ። በመደዳው መርፌ አያያዝ ያላስተማሩት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኮትም ሆነ ሱሪ የጨረሰ ሁሉ ለቀዳዳው ወደ እሳቸው ይወስዳል። ሕጉን የጻፈው ባይኖርም የጣሰው አልነበረም፣ ይህችው ልብስ ሰፊ እስክትደፍረው ድረስ።

የአንገት ሀብሏን ሸጣ ነበር የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋ ማሽን የገዛችው። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ከበው አደነቁ፤ በማግስቱ አኮረፉ። ከሁሉም የባሰው ሱሪ ሰፊው ነው፤ "ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ!" ብሎ በሰው ፊት አዋረዳት። እሷም ማሽኗን በመጋረጃ ሸፈነቻት፤ ቀዳዳውንም እንደ ድሮው ለጋሽ ቀዳዳ መስጠት ጀመረች። እንዳትሠራባት ድምፁ ያሳብቅባታል፤ እንዳትተዋት የሀብሏ ገንዘብ ውስጧ አለ። ሻጩ ነገ መጥቶ በግማሽ ዋጋ ሊወስዳት ተስማምቷል።

"አለሽ?"

ሱሪ ሰፊው ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ገባ፤ ብብቱ ውስጥ የሸጎጠው ነገር አለ። ኮቱን ልትደብቅ ብትሞክርም አይቷታል።

"የጋሼን ስፌት እየተረተርሽ ነው?"

"ምን ላድርግ ታዲያ? ሙሽራው ክሩ ተንጨባሮ ይዳር?"

ሱሪ ሰፊው ግራ ቀኙን አየና ከብብቱ ክሩ የተንጨባረረ ሱሪ አወጣ።

"እኔ እኮ ብቻዬን መስሎኝ!" አለ። "ቤቴ እየወሰድኩ ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በምን አፌ ልንገራቸው? ሚስቴማ 'ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ሱሪውን?' ማለት ጀምራለች።"

ሳቋ አመለጣት። "እና ምን ፈልገህ መጣህ?"

"በማሽንሽ ዞር ዞር አድርጊልኝ። ለማንም እንዳትናገሪ ብቻ።"

"ያጎረሰኝን እጅ ነክሼ?"

"ምላሴን ይቁረጠው፤ በቃ!"

ፔዳሉን ረገጠች። ማሽኗ ተንጣጣች፤ መርፌዋ በቀዳዳው ዙሪያ ዞራ ለዓይን የሚያምር ስፌት ጥላ ቆመች። ሁለቱም አጎንብሰው ሲያዩ መጋረጃው ተገለጠ።

ጋሽ ቀዳዳ ናቸው፤ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ደህና ነው። የተተረተረውን የሙሽራ ኮት አነሡና በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ምላጩን በጨርቅ ሸፈነችው።

"ሁላችሁም?"

ሱሪ ሰፊው ጫማውን ያይ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች።

"እኔ ደግሞ ደንበኛ ሳይጮህ ሲቀር 'አይ እጄ፣ ዛሬም አለህ' እል ነበር።" አሉ። ኮቱን አስቀመጡና ማሽኗን ደባበሷት። ከዚያ ሳይታሰብ ፈገግ አሉ። "በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪና መጀመሪያ እዚህ ስትገባ ምን አልን መሰላችሁ? 'መኪና የሰፋው ልብስ ሲታጠብ ይበተናል!' አለቃዬማ መኪናዋን የገዛውን ሰው ሰላምታ ነሳው።"

"ከዚያስ ጋሼ?" አለች።

"ከዚያማ የአለቃዬ የገዛ ልጁ ሠርግ ደረሰበት፤ የሚዜዎቹ ልብስ በእጅ የማይሞከር ሆነ። ባለመኪናው ቤት በጓሮ በር ገብቶ አሰፋ፤ ልክ እንደዚህ እንደ አንተ።" ሱሪ ሰፊውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። "ዓመት ሳይሞላ መደዳው በሙሉ ይረግጥ ጀመር። ሁሉም ታዲያ 'የጀመርኩት እኔ ነኝ' ባይ ነው።"

ወደ እሷ ዞሩ።

"ይቺስ ዓይን ትፈልጋለች?"

"እምብዛም። ቦታውን በጣት ዳብሶ ማግኘት ነው፤ የቀረውን ራሷ ትሰፋለች።"

"ጣትማ አለኝ፤ እግርም አለኝ" አሉና ሳይጋበዙ ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። "በይ መሞከሪያ ጨርቅ ስጪኝ። የሰው ኮት እስካሁን ያበላሸሁት ይበቃል።"

እጇን ወደ ቁርጥራጭ ጨርቁ ቅርጫት ሰደደችና መሃል ላይ ቆመች። ነገ የሚመጣውን ሻጭ አሰበች፤ በመጋረጃው ክፍተት በኩል ቀና ብለው የሚያዩትን ጎረቤቶቿንም አሰበች። ከዚያ መጋረጃውን ጨብጣ ሳበችው። ሚስማሩ ተነቅሎ ወደቀ፤ የመደዳው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።

መጋረጃውን አጣጥፋ ከመርፌዋ ሥር አደረገችላቸው።

"ይርገጡ፣ ጋሼ" አለች።